የተልባ ሊግናን፣ ኮሌስትሮልና የጉበት ስብ፦ ካፕሱሉን ልግዛ ወይስ ተልባውን ልፍጭ?

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፤ ወንድ ነኝ። በቅርቡ ምርመራ አድርጌ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 148፣ ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ የሚዞር ስብ) 190፣ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ደግሞ 58 ሆነ። አልትራሳውንዱ ጉበቴ ላይ መጠነኛ ስብ እንዳለ አሳየ። ሐኪሙ "ክብደት ቀንስ፣ ከሦስት ወር በኋላ እናየዋለን፣ ካልሆነ መድኃኒት እንጀምራለን" አለኝ። እስከዚያው ከተልባ የሚወጣ ሊግናን የሚባል ካፕሱል ኮሌስትሮልንም የጉበት ስብንም ያጠፋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ካፕሱሉ ይሻላል፣ ዘይቱ ወይስ ተልባው ራሱ? ባለቤቴም አብራኝ መውሰድ ፈልጋለች። እሷ የታይሮይድ መድኃኒት ትወስዳለች።

መልስ፦ መጀመሪያ "ያጠፋል" የምትለዋን ቃል ከጥያቄው እናውጣት። ተልባ ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ይህ በተደጋጋሚ ጥናት የታየ ነገር ነው። የሚቀንሰው ግን ጥቂት ነው። የጉበት ስብ ላይ ደግሞ ደስ የሚል ፍንጭ አለ፤ ከፍንጭ አልፎ ማረጋገጫ አልሆነም።

ተልባን የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ "ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?" ነው የሚሉት። እርስዎ ግን ውስጡ ያለው አንድ ንጥረ ነገር ለብቻው ቢወጣ ያንኑ ሥራ ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁ። ይሄኛው ይሻላል። መልሱ ላይ ለመድረስ ግን ፍሬው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ማየት አለብን።

ተልባ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሠራተኞች አሉ። አንዱ ዘይቱ ነው። ከፍሬው ክብደት 40 በመቶ ገደማ ዘይት ነው፤ ከዘይቱ ከግማሽ በላይ ደግሞ የዕፅዋት ኦሜጋ 3 ነው። ሁለተኛው ፋይበሩ ነው። ከ100 ግራም ተልባ 27 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው፤ ከፊሉም ውሃ ሲነካው የሚዝለገለገው ነው። ሦስተኛው የእርስዎ ሊግናን ነው። የሚገኘው በዋናነት ቅርፊቱ ላይ ነው። የተልባው ዋና ሊግናን ሙሉ ስሙ ምላስ የሚያስር ስለሆነ ባለሙያዎችም ራሳቸው ኤስዲጂ ብለው አሳጥረውታል። እኔም እንደዚያው ልበለው። ሰሊጥም ሌሎች እህሎችም ሊግናን አላቸው፤ በኤስዲጂ ግን ተልባን የሚያክል የለም።

አሁን ነገሩ የሚጥምበት ቦታ ደረስን። ኤስዲጂ ሲዋጥ እንዳለ ወደ ደም ገብቶ ሥራ አይጀምርም። ትንሹን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላዩ ላይ ያለውን ስኳር ይቆርጡታል፤ የቀረውን ደግሞ በየተራ እየተቀባበሉ ኤንቴሮዲዮልና ኤንቴሮላክቶን ወደሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ይለውጡታል። ደም ውስጥ የሚዞሩት በዋናነት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እንግዲህ ካፕሱሉ የሚሸጥልዎት ጥሬ ዕቃውን ነው። ፋብሪካው ያለው ሆድዎ ውስጥ ነው።

ፋብሪካው ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። እኩል ተልባ የበሉ ሁለት ሰዎች ደማቸው ቢመረመር የኤንቴሮላክቶኑ መጠን በብዙ እጥፍ ሊራራቅ ይችላል። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ከሆነማ የበለጠ ይወርዳል፤ ሠራተኞቹ ናቸውና የተገደሉት። "ጓደኛዬ በሁለት ወር ወረደለት፣ እኔ ግን ምንም አላየሁም" የሚለው ወሬ ሁልጊዜ የስንፍና ወይም የውሸት ጉዳይ አይደለም። ምክንያቱ አንጀት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ወደ ኮሌስትሮሉ ልሂድ። ተልባ ኤልዲኤልን የሚያወርድበት በደንብ የሚታወቀው መንገድ ዝልግልጉ ፋይበር ነው። ጉበት ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ሐሞቱ አንጀት ገብቶ ቅባት ካበጣጠሰ በኋላ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ጉበት ይሄዳል። አይባክንም። ዝልግልጉ ፋይበር ግን መንገድ ላይ ይይዘውና ከሰገራ ጋር ይዞት ይወጣል። ጉበት የጎደለበትን ሐሞት ለመተካት አዲስ ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከደም ውስጥ ኤልዲኤል እየሳበ ያስገባል። ቁጥሩ የሚወርደው እንዲህ ነው። አጃና ገብስም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ሊግናኑ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል ወይ? እንስሳት ላይ አዎ። በ1990ዎቹ ጥንቸሎች ኮሌስትሮል የበዛበት መኖ እየተሰጣቸው ኤስዲጂ ሲጨመርላቸው የደም ስራቸው ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ቅባት በጣም ቀንሶ ተገኝቷል። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይደበላለቃል።

ሦስት ጥናቶች ልንገርዎት፤ ልዩነታቸው ብዙ ያስተምራል። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 55 ሰዎችን ለ8 ሳምንት ተከታተለ። በቀን 600 ሚሊግራም ኤስዲጂ የወሰዱት ኤልዲኤላቸው ወደ 24 በመቶ ወረደ። ይሄ ትልቅ ቁጥር ነው። ካፕሱል ሻጮች ሁሉ የሚጠቅሱትም ይህንኑ ነው። በ2006 ዴንማርክ ውስጥ የተሠራው ደግሞ የወር አበባቸው የቆመ ጤነኛ ሴቶችን ለ6 ሳምንት በቀን 500 ሚሊግራም ሰጣቸው። ኮሌስትሮላቸው ንቅንቅ አላለም። ይሄኛውን ማንም ሻጭ አይጠቅስልዎትም። ሦስተኛው በ2010 የታተመው የጃፓኖቹ ነው፤ እሱን ለጉበቱ አቆየዋለሁ።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ለምን ተለያዩ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ሁለተኛዎቹ ጤነኞች ነበሩ። ከፍ ያለ ነገር ለመውረድ ቦታ አለው። ሌላው ደግሞ የጥናቶቹ ትንሽነት ነው። በእያንዳንዱ ቡድን ሃያ ሰው ገደማ ብቻ ሲሆን ውጤቱ በአጋጣሚ ወደላይም ወደታችም ሊዘል ይችላል።

እንዲህ ሲሆን አንዱን ጥናት ብቻ ይዞ ከመሮጥ ሁሉንም ደምሮ ማየት ይሻላል። በ2009 ተመራማሪዎች 28 ጥናቶችን ሰብስበው በአንድ ላይ አሰሉ። ሙሉው የተልባ ፍሬ ኤልዲኤልን በአማካይ በ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ቀነሰ። ሊግናኑ ለብቻውም ወደዚያው ቀረብ አለ። ዘይቱ ግን ኤልዲኤል ላይ ለውጥ አላመጣም። ቅነሳው መነሻቸው ከፍ ባሉ ሰዎችና በሴቶች ላይ በተለይም የወር አበባቸው በቆመ ላይ ጎልቶ ታይቷል። ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ኤችዲኤልና ትራይግሊሰራይድ ላይ የሚታመን ለውጥ አልተገኘም።

በእርስዎ ቁጥር እናስላው። 148 ወደ 142 ገደማ ይወርዳል። መነሻዎ ከፍ ያለ ስለሆነ ትንሽ የተሻለም ሊሆን ይችላል። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ግን እንደየዓይነታቸውና መጠናቸው ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 50 በመቶ ያወርዳሉ። 148ን ወደ 100 እና ከዚያ በታች ማለት ነው። ተልባና ስታቲን እኩያ አይደሉም። ተልባ ረዳት ነው።

ትራይግሊሰራይድዎ 190 ስለሆነ ለሱ ከተልባ ብዙ አይጠብቁ። እሱን በፍጥነት የሚያወርደው ጣፋጭ መጠጥንና ስኳርን፣ የተፈተገ እህልን፣ አልኮልን መቀነስና ክብደት መጣል ነው። ደግሞም ትራይግሊሰራይድ ከፍ ብሎ ጉበት ላይ ስብ ሲኖር ሁለቱ የአንድ ችግር ሁለት ፊቶች ናቸው። ጉበት የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ይለውጠዋል። ከፊሉን ወደ ደም ይልካል፤ ያ በምርመራው ላይ ትራይግሊሰራይድ ሆኖ ይታያል። ከፊሉን እዚያው ያከማቸዋል።

አሁን ጉበቱ። ከጉበት ሴሎች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ሲቋጥሩ ነው የጉበት ስብ አለ የሚባለው። የጃፓኖቹ ጥናት 30 ወንዶችን ነው የወሰደው፤ ኮሌስትሮላቸው መካከለኛ ከፍታ ላይ ነበር። ለ12 ሳምንት ከፊሎቹ 20፣ ከፊሎቹ 100 ሚሊግራም ኤስዲጂ በቀን ወሰዱ፤ የቀሩት ባዶ ካፕሱል ዋጡ። 100 የወሰዱት ላይ ኤልዲኤል ከኤችዲኤል ጋር ያለው ምጥጥን ተሻሻለ። ኤኤልቲና ጂጂቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞችም ቀነሱ። እርስዎ የሰሙት ወሬ ከዚህ ሳይመነጭ አልቀረም። ወንዶች ናቸው፣ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሏል፣ ኢንዛይሙ ወረደ፤ ልክ እርስዎን የሚመስል ነገር ነው።

ግን ቆም ብለን እናስብ። የወረደው ኢንዛይሙ ነው። ኢንዛይም የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ነገር ነው፤ የስብ መለኪያ አይደለም። ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ ኤኤልቲያቸው ፍጹም ጤነኛ የሚሆን ብዙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ "ኢንዛይሙ ቀነሰ" ማለት "ስቡ ጠፋ" ማለት አይደለም። ማስታወቂያዎቹ ይህን ልዩነት ይዘሏታል።

አይጦች ላይ ግን ስቡ ራሱ ታይቷል። ቅባት የበዛበት መኖ የተሰጣቸው አይጦች ኤስዲጂ ሲጨመርላቸው ጉበታቸው ውስጥም ሆዳቸው ውስጥም የተጠራቀመው ስብ አነሰ። ጉበት ስብ እንዲሠራ የሚያዝዘው ጂን ሥራው ቀዘቀዘ፤ ከስብ ሴሎች የሚወጣው አዲፖኔክቲን የሚባል ጠቃሚ ሆርሞን ደግሞ ጨመረ። ደስ ይላል። አይጥ ግን አይጥ ነው።

ሰው ላይ ወደ ጉበት ስብ የቀረበው ጥናት ከኢራን የመጣ ነው፤ በ2016 ታትሟል። 50 የጉበት ስብ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ተሰጣቸው። ግማሾቹ በተጨማሪ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ በሉ። ከ12 ሳምንት በኋላ ተልባ የበሉት የጉበት ኢንዛይማቸውም፣ ፋይብሮስካን በሚባለው መሣሪያ የተለካው ስብና ጥንካሬም ከሌሎቹ የበለጠ ቀነሰ። አንድ ችግር አለ። ማን ተልባ እንደሚበላ ሁሉም ያውቅ ነበር። ተልባ የተሰጠው ሰው "እኔ እየታከምኩ ነው" ብሎ ሌላውንም ምክር አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ለውጡ ስንቱ ከተልባው፣ ስንቱ ከትጋቱ እንደመጣ መለየት ይከብዳል። ደግሞም ያ ሙሉ ተልባ ነው እንጂ ሊግናን ብቻ አይደለም።

ካፕሱል፣ ዘይት ወይስ ተልባ? እኔን ከጠየቁኝ የተፈጨ ተልባ። ዘይቱን ለዚህ ጉዳይ ይተውት። ሊግናኑ ቅርፊቱ ላይ ነው ብለናል፤ ፋይበሩም ዘይት ውስጥ አይገባም። ሲጨመቅ ሁለቱም ፋጉሎው ጋር ይቀራሉ። ዘይቱ ኦሜጋ 3 ይሰጣል፤ እሱም ቢሆን ሰውነታችን ወደ ዓሣው ዓይነት ኦሜጋ 3 የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ካሎሪውስ? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

ካፕሱሉን ደግሞ በሒሳብ እንየው። አንድ ግራም ተልባ ውስጥ እንደ ዘሩ ዓይነት ከ6 እስከ 13 ሚሊግራም ኤስዲጂ አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 7 ግራም ነው። ስለዚህ ሁለት ማንኪያ ውስጥ ከ80 እስከ 180 ሚሊግራም ያገኛሉ። የጃፓኖቹ ወንዶች የወሰዱት 100 ነበር! ያንን መጠን ለማግኘት ካፕሱል አያስፈልግዎትም፤ በዚያ ላይ ፋይበሩ ምራቂ ነው። 600 ሚሊግራሙን በተልባ ልድረስ ካሉ ግን ከ45 እስከ 100 ግራም መብላት ሊኖርብዎ ነው። ያንን አልመክርም፤ ሆድም አይችለውም። በካፕሱል ልሂድበት ካሉም ማሟያዎች እንደ መድኃኒት ጥብቅ ቁጥጥር የላቸውም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ውስጡ ካለው ጋር ላይገጥም ይችላል።

አፈጫጩ ላይ ግን ቸል እንዳይሉ። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባል የለ? ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ ቅርፊቱን አንጀት አይሰብረውም። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ይህንን በቁጥር አስቀምጦታል። ከተፈጨ ተልባ ወደ ደም የሚገባውን የሊግናን ውጤት 100 ብንለው፣ ከተሰባበረው 43፣ ሳይፈጭ ከተበላው 28 ብቻ ነው የተገኘው። በሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ በወፍጮ ብቻ ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት። በደቃቁ ይፍጩት። የቡና መፍጫ ይበቃል። ከተፈጨ በኋላ ግን ዘይቱ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይሻግታል። የሳምንት ያህሉን ብቻ ፈጭተው በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩ። ከመረረ ወይም የቀለም ዓይነት ሽታ ካመጣ ይድፉት።

በአንድ ማንኪያ ይጀምሩ። ሳምንት ከቆዩ በኋላ ሁለት ያድርጉት። በችኮላ አራት ማንኪያ የጀመረ ሰው ሆዱ ተነፍቶ በሦስተኛው ቀን ያቆማል፤ ስንቱን አይቻለሁ። ውሃ በደንብ ይጠጡ። ዝልግልጉ ፋይበር ውሃ ካላገኘ ሆድ ድርቀት ያመጣል፤ አንጀቱ የጠበበ ሰው ላይ ደግሞ እስከ መዝጋት ሊደርስ ይችላል። ጥሬ ተልባ ሲፈጭና ሲረጥብ በጥቂቱ ሳያናይድ የሚለቁ ንጥረ ነገሮችም አሉት። አይደንግጡ፤ በአንድና በሁለት ማንኪያ መጠን የአዋቂ ሰውነት ያለ ችግር ያስወግደዋል። በአንድ ጊዜ ጥሬውን በብዛት መጋት ግን ልክ አይደለም። ደም ማቅጠኛ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ተልባ የደም ግፊትንም ዝቅ እንደሚያደርግ በጥናት ታይቷል።

ሰው የማይወደውን ክፍል ልናገር። የጉበትዎን ስብ የሚወስነው ተልባው አይደለም፤ ሐኪምዎ ያሉት ክብደት ነው። የሰውነትን ክብደት 5 በመቶ መቀነስ የጉበት ስብን በግልጽ ያወርዳል። ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ብግነቱም ይሻሻላል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው 4.5 ኪሎ ነው፤ ሁለተኛው ከ6 እስከ 9። ክብደቱ ባይወርድ እንኳ ቶሎ ቶሎ መራመድ ብቻውን ከጉበት ላይ ስብ ይቀንሳል። ይህን ያህል ጠንካራ ማስረጃ ያለው ዘር፣ ቅጠል ወይም ካፕሱል እስካሁን አላየሁም።

ሐኪምዎ ጋር ሲመለሱ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ፊብ 4 የሚባለውን ስሌት። ከዕድሜ፣ ከሁለት የጉበት ኢንዛይሞችና ከፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ሕዋሳት) ቁጥር ይሰላል። ሌላ መርፌ አያስፈልገውም፤ ከመደበኛው የደም ምርመራ ይወጣል። ከ1.3 በታች ከሆነ ጉበት ላይ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። "ስብ አለ" ከመባል በላይ ጠባሳ መኖር አለመኖሩ ነው ወደፊት የሚያሳስበው።

ከሦስት ወር በኋላ ስታቲን ይጀምሩ ከተባሉ ደግሞ "ጉበቴ ታሟል፣ ይጎዳኛል" ብለው አይሽሹ። የጉበት ስብ ስታቲንን አይከለክልም። እንዲያውም የጉበት ስብ ያለባቸውን ሰዎች በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ስር በሽታ ነው። ተልባውን ከመድኃኒቱ ጋር መቀጠል ይችላሉ፤ ሰዓታቸውን ግን ያራርቁ።

ይሄ የሰዓት ነገር ለባለቤትዎ የበለጠ ይሠራል። ዝልግልጉ ፋይበር ሐሞትን እንደሚይዝ ሁሉ መድኃኒትንም ይይዛል። የታይሮይድ መድኃኒት ደግሞ በባዶ ሆድ ካልተወሰደ በደንብ የማይገባ፣ ትንሽ ልዩነት የሚያናጋው ነው። ጠዋት የምትወስድ ከሆነ ተልባውን ለማታ ታድርገው። ከጀመረች ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላም ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ የደም ምርመራዋን ትድገም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የጡት ካንሰር ታክማ የምታውቅ ከሆነ ግን ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር። ሊግናን በአንጀት ባክቴሪያዎች ተለውጦ የሚሰጣቸው ንጥረ ነገሮች ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ጠባይ በጥቂቱ ይጋራሉ።